ኮምፒውተርዎም መዝገብ ቤት ያስፈልገዋል

በመሥሪያ ቤት ሕይወቴ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው የመዝገብ ቤት ሠራተኞችን ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃላፊዬ ከሁለት ዓመት በፊት የወጣ ደብዳቤ ፈለጉ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ዴስክቶፑን፣ ዳውንሎድ ፎልደሩን፣ ቴሌግራሙን፣ መሳቢያ ውስጥ ያሉትን ሁለት ፍላሾች አገላበጥኩ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሦስት ረቂቅ አገኘሁ፤ የትኛው ተፈርሞ እንደወጣ ግን መለየት አልቻልኩም። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የወጪ ደብዳቤ መዝገቡን ገለጠች፣ በጣቷ ቁጥሩን ተከትላ ወረደች፣ ማኅደሩን ከመደርደሪያው አወጣች። ደብዳቤውን አላስታወሰችውም፤ ማስታወስም አላስፈለጋትም። ከቢሮው ከመውጣቱ በፊት ቁጥር፣ ቀንና ማኅደር ተሰጥቶት ነበር።

ወረቀቱ ላይ የነበረው ይህ ሥርዓት ኮምፒውተር ሲገባ ከብዙዎቻችን ጠረጴዛ ጠፍቷል። የሥራ ሰዓታችንን የሚበላውም በአብዛኛው ሥራው ሳይሆን ፍለጋው ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በኮምፒውተርና በስልክ የሚመጣውን ሁሉ እንደ መዝገብ ቤት ተቀብሎ ለማስቀመጥ የሚረዱ ናቸው። ለመጀመሪያው ዙር ግማሽ ቀን፣ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክና አንድ ወረቀት ይበቃል። ስልክ የማይበዛበት ቀን ይምረጡ።

1. ምንም ሳይሰርዙ ሙሉ ቅጂ ይውሰዱ

ጽዳት ላይ ያለ ሰው እጁ ፈጣን ነው፤ የተጣለው ነገር የሚፈለገው ደግሞ በማግስቱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የኮምፒውተሩን የሥራ ፋይል ሁሉ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ ፎልደሩንም በዕለቱ ቀን ይሰይሙት። ገልብጠው ሲጨርሱ ከየቦታው አራት አምስት ፋይል ከሃርድ ዲስኩ ላይ ከፍተው ይመልከቱ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል።

ፍላሽ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ይጠፋል፣ ይበላሻል፣ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ቫይረስ ይዞ ይዞራል። ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ ምልክት የሚያስቀምጠውን ቫይረስ ያላየ የቢሮ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ፍላሽ የሚያገለግለው ዕቃ ለማሻገር እንጂ ለማኖር አይደለም፤ በተሰካ ቁጥርም ከመከፈቱ በፊት በጸረ ቫይረስ ይፈተሽ።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ልጨምር። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ተፈርሞ የወጣ ወይም የገባ ሰነድ የግል ንብረትዎ አይደለም፤ የሚወገደው ሥልጣኑ ያለው አካል ሲፈቅድ ነው። ሂሳብ ነክ ሰነድም ለግብር ጉዳይም ለኦዲት ምርመራም ከዓመታት በኋላ ይፈለጋል፤ ሂሳብ ክፍሉን ሳይጠይቁ አይንኩት። በራስዎ ውሳኔ ሊሰርዙ የሚችሉት ረቂቅን፣ ድጋሚ ቅጂንና የግል ነገርዎን ብቻ ነው።

2. ዴስክቶፑን ባዶ ያድርጉ

«ያልተለየ» የሚል አንድ ፎልደር ይክፈቱና ዴስክቶፕ ላይ የተበተነውን ሁሉ ወደዚያ ይሰብስቡ። ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ዓይንም ወዲያው ያርፋል። ነገር ግን ይህ ጊዜያዊ መጠለያ ነው። ለሚቀጥሉት ሳምንታት በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ ያህል ከውስጡ እያወጡ ወደ ቦታቸው ይመልሱ።

ቀጥሎ ዳውንሎድ ፎልደር። እዚህ ውስጥ ፋይሎቹን በስም ሳይሆን በመጠን ያሰልፏቸው፤ ትልቁ ከላይ ይሁን። አብዛኛውን ቦታ የያዙት ጥቂት ፋይሎች ሆነው ያገኟቸዋል፦ አንድ ጊዜ ተጭነው ያበቁ የፕሮግራም ፋይሎች፣ የስብሰባ ቪዲዮ፣ ሰው የላከው የሠርግ ፊልም። ከዚያ በስም ያሰልፉና መጨረሻቸው ላይ በቅንፍ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር ያለባቸውን ይፈልጉ፤ ኮምፒውተሩ ያንኑ ፋይል ደግመው ሲያወርዱ የሚጨምረው ቁጥር ነው። በኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም የሚጠቀሙ ከሆነ በዚሁ ዳውንሎድ ውስጥ በቴሌግራም ስም የተለየ ፎልደር ይኖራል። ብዙ ሰው መኖሩን አያውቅም፤ ለዓመታት የወረደው ሁሉ ግን ያለው እዚያ ነው።

3. ማኅደሮቹን ያቋቁሙ

ዋናዎቹ ፎልደሮች በጀት ዓመት ይሁኑ። በመንግሥት ቤት በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ስለዚህ የነሐሴ ሰነድ አዲሱ ዓመት መስከረም ላይ ሳይብት በአዲሱ በጀት ዓመት ማኅደር ውስጥ ይገባል። የሚሠሩበት ድርጅት በፈረንጅ ዘመን የሚቆጥር ከሆነ የድርጅቱን ይከተሉ። ሁለቱን ማደባለቅ ግን አይሆንም።

በየዓመቱ ሥር ከሰባት የማይበልጡ ፎልደሮች ይክፈቱ፤ ስማቸው በሥራው እንጂ በሰው አይሁን። «ግዥ»፣ «ዕቅድና ሪፖርት»፣ «የሰው ኃይል»፣ «ስብሰባ» ይበሉ። በባልደረባ ስም የተከፈተ ፎልደር ያ ሰው ሲዛወር ትርጉም ያጣል። «ልዩ ልዩ» የሚባል ፎልደርም አይክፈቱ፤ አጥብቄ እለምናለሁ። በመሥሪያ ቤቶቻችን ልዩ ልዩ የተባለ ማኅደር ሁልጊዜ ከሁሉ የወፈረው ነው፤ እዚያ የገባ ነገርም ተመልሶ አይታይም። አንድ ሰነድ ቦታ ካጣ ሥራው ገና ስም አልወጣለትም ማለት ነው፤ ቆም ብለው ስም ያውጡለት።

4. ለእያንዳንዱ ፋይል የሚፈለግበትን ስም ይስጡ

ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ቢተዉ ይህን አይተዉ።

አንድ ጊዜ ክፍላችን የዓመቱን ዕቅድ አዘጋጅቶ ነበር። «ዕቅድ የመጨረሻ» የሚለውን ፋይል ፈልጌ አገኘሁና ለበላይ አካል ላክሁ። «እቅድ የመጨረሻ የተስተካከለ» የሚል ሌላ ፋይል ነበር፤ የበጀት ሠንጠረዡ የተስተካከለውም በዚያ ላይ ነበር። ፍለጋው ያላወጣልኝ እኔ በዐይኑ «ዕ» ስጽፍ ባልደረባዬ በአልፋው «እ» ስለ ጻፈ ነው። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን «ዕ» እና «እ» እንደ «በ» እና «ተ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስሕተቱን ለማረም ክፍሉ በሙሉ ሦስት ቀን አመሸ።

ስለዚህ በአማርኛ ፋይል የምንሰይም ሰዎች አንድ ተጨማሪ ሥራ አለብን። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፤ እነዚህ ሁሉ ፍለጋን ያከሽፋሉ። በወረቀት ላይ ክፍላችሁ ዘወትር የሚጠቀምባቸውን ሃያ ያህል ቃላት ጻፉና አንድ አንድ አጻጻፍ ምረጡላቸው፦ ዕቅድ፣ ሥራ፣ ሂሳብ፣ ኃላፊ፣ ጽሕፈት፣ ደመወዝ፣ ግዥ፣ ዓመት። የትኛው የግእዙን ሥር ይከተላል የሚለው ክርክር የሚያስደስት ነው፤ ለፋይል ስም ግን የሚበቃው ሁሉም ሰው አንዱን መጻፉ ነው። ወረቀቱ ከኮምፒውተሮቹ አጠገብ ይለጠፍ። የቆየ ፋይል ሲፈልጉ ደግሞ አከራካሪውን ፊደል ትተው በፊቱ የኮከብ ምልክት ያድርጉ፤ «*ቅድ» ብለው ቢፈልጉ «ዕቅድ»ም «እቅድ»ም ይወጣል።

ስሙ ሲጻፍ ቀኑ ይቅደም፤ እሱም ዓመት፣ ወር፣ ዕለት በሚል ተራ በአኃዝ። «2017-04-12» ማለት ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ወሩን በስም ከጻፉት ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ያሰልፈዋል፤ ሐምሌ መስከረምን ይቀድማል፣ ጥቅምትና ጥር ከግንቦት በኋላ ይመጣሉ። በአኃዝ ሲሆን ግን መስከረም 01፣ ጳጉሜን 13 ሆነው ሁሉም በየቦታቸው ይሰለፋሉ። ከአሥር በታች ያለውን ቁጥር ዜሮ መቅደሙን አይርሱ፤ አለዚያ 10 ከ2 በፊት የሚሰለፍበት ቦታ አለ።

ሰነዱ ከውጭ ድርጅቶች ጋር የሚመላለስ ከሆነ «2017» የሚለው አኃዝ ብቻውን አደገኛ ነው። የእኛ 2017 እና የእነሱ 2017 በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይራራቃሉ። በፈረንጅ ዘመን የተጻፈውን «እኤአ» የሚል ምልክት ይጨምሩበት። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያሳየውን ቀን አትመኑ፤ ፋይል ከፍላሽ ሲገለበጥ የተፈጠረበት ቀን ብሎ የሚይዘው የተገለበጠበትን ቀን ነው።

ከቀኑ ቀጥሎ ገቢ ወይም ወጪ፣ የሥራው ዘርፍ፣ ጉዳዩ በሁለት ሦስት ቃል፣ በመጨረሻ የቅጂ ቁጥር። እንዲህ፦

2017-04-12 ወጪ ግዥ የጽሕፈት መሣሪያ ጥያቄ 02

ደብዳቤው የመዝገብ ቤት ቁጥር ካለው እሱን ማስገባት ከሁሉ ይበልጣል። ይሁንና በደብዳቤ ቁጥሮቻችን ላይ የምንጠቀምበትን እዝባር (/) ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም፤ በምትኩ አጭር ሰረዝ ይጠቀሙ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ «ትክክለኛው» የሚሉ ቃላት ከዛሬ ጀምሮ ከፋይል ስም ይውጡ። 01፣ 02፣ 03 ይበቃል። ተፈርሞ የወጣው ብቻ በፒዲኤፍ ተለውጦ «የተፈረመ» የሚል ይታከልበት፤ እሱ ከወጣ በኋላ ረቂቆቹን መሰረዝ ይቻላል።

5. የድሮዎቹን ሰነዶች ሳይሞቱ ያትርፏቸው

የግእዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በጋራ ወደሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በቢሮዎቻችን የተጻፉት ሰነዶች ብዙዎቹ በቀድሞዎቹ የፓወር ግእዝና የቪዥዋል ግእዝ ፊደሎች የተጻፉ ናቸው። ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናሉ፤ በውስጣቸው ያለውን ቃልም ፍለጋ አያገኘውም። ፊደሉ የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ካላችሁ፣ እሱ ሳይበላሽ፣ አስፈላጊዎቹን ከፍታችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጡ። የፋይሉን ስም በአዲሱ አጻጻፍ ስትሰጡት ቢያንስ በስሙ ይፈለጋል። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ሆኖም የአንድ መሥሪያ ቤት የአሥር ዓመት ድካም በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተንጠልጥሎ ማየት ያሳዝነኛል።

6. ቴሌግራምን ከመጋዘንነት ያውጡት

ዛሬ ደብዳቤ የሚመጣው በፖስተኛ አይደለም። ኃላፊው ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልካል፤ ከላዩ የዕድር ማስታወቂያ፣ ከታቹ የጋራ መኖሪያ ቤቱ የውኃ ጉዳይ፣ መካከሉ ላይ የልጆች ትምህርት ቤት መልእክት። የሥራው ትእዛዝ በዚህ መሐል ይሰጥማል።

መጀመሪያ በሴቲንግ ውስጥ ፎልደሮችን የሚያደራጀውን ቦታ ይክፈቱና ሦስት ያብጁ፦ ሥራ፣ ቤተሰብና ማኅበራዊ፣ ንባብ። በሥራ ሰዓት የሚከፈተው የመጀመሪያው ብቻ ይሁን። ከዚያ ትልልቆቹን ግሩፖች ማሳወቂያቸውን ይዝጉ። ከግሩፑ መውጣት አያስፈልግም፤ በእኛ ዘንድ ከዕድር ወይም ከቤተሰብ ግሩፕ ወጥቶ መሄድ ሰውን የሚያስቀይም ነገር ነው። ድምፁን ዘግቶ ወደ አርካይቭ ማስገባት ግን ማንንም አያስቀይምም፤ ማንም አያየውም። ያለቀ የሠርግ ኮሚቴ፣ የተጠናቀቀ ሥልጠና፣ የሞተ የሽያጭ ቻናል ካለ ግን ያለ ሐሳብ ይውጡ።

ሁለተኛ፣ ራሱ እንዳያወርድ ይከልክሉት። ዳታና ማከማቻ በሚለው የሴቲንግ ክፍል ውስጥ ፎቶ፣ ቪዲዮና ፋይል በራሳቸው እንዲወርዱ የሚያደርገውን ማብሪያ ለሞባይል ዳታ ይዝጉ። ጥቅልዎም ይተርፋል፣ ስልኩም አይሞላም። እዚያው የወረደው ነገር ስልኩ ላይ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚወሰንበት ቦታ አለ፤ ለግሩፖችና ለቻናሎች አንድ ሳምንት ያድርጉት። ከስልኩ ቢጠፋም ቴሌግራም ላይ እስካለ ድረስ ተመልሶ ይወርዳል።

ሦስተኛውና ዋናው፦ በቴሌግራም የመጣ የሥራ ሰነድ በመጣበት ዕለት ይወርዳል፣ በቁጥር 4 እንደተባለው ይሰየማል፣ ማኅደሩ ውስጥ ይገባል። ለራሳችን የምንልክበት የማስቀመጫ ገጽም እንደ መሸጋገሪያ እንጂ እንደ መደርደሪያ አያገለግልም፤ ሺህ መልእክት ከተከማቸበት በኋላ ከግሩፖቹ አይሻልም።

በዚህ መካከል የሰው መታወቂያ ጉዳይ አለ። የፋይዳ፣ የፓስፖርት፣ የባንክ ደብተር ፎቶዎች በየግሩፑ ተልከው ለዓመታት ይቀመጣሉ። ሀገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። አዋጁ ባይኖርም እንኳ የሌላ ሰው መታወቂያ በእጃችን የሚቆየው ለተሰጠበት ጉዳይ ብቻ ሊሆን ይገባል። ጉዳዩ ሲያልቅ ይሰርዙት፤ ከላኩበት ግሩፕም ለሁሉም የሚለውን መርጠው ያጥፉት።

7. ኢሜይል

ኢሜይል በአጭሩ ያልቃል። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለኢሜይሉ፣ ለድራይቩና ለፎቶዎቹ በጋራ ነው፤ ስልክዎ ፎቶ እያስቀመጠበት ከሆነ ቦታው ይሞላና የሚላክልዎ የሥራ ደብዳቤ ሳይደርስዎ ወደ ላኪው ሊመለስ ይችላል። በዝርዝር ፍለጋው ውስጥ በመጠን የሚፈለግበት ቦታ አለ፤ ከ10 ሜጋባይት በላይ የሆኑትን አውጥተው አባሪዎቹን ወደ ማኅደርዎ ካወረዱ በኋላ ኢሜይሎቹን ይሰርዙ። በስሕተት የሰረዙት ለ30 ቀን መጣያ ውስጥ ይቆያል። የማያነቡትን ማስታወቂያ ከመሰረዝ ይልቅ ከሥሩ ያለውን የማቋረጫ መስመር ይጫኑ።

8. መልእክት የሚታይበትን ሰዓት ይወስኑ

መዝገብ ቤት ደብዳቤ የሚቀበልበትና የሚያሰራጭበት ሰዓት አለው። እርስዎም ሦስት ሰዓት ይምረጡ፤ ለምሳሌ ጠዋት 3፡00፣ ከምሳ በፊት 6፡00፣ ከመውጫ በፊት 10፡30። በመካከሉ ስልኩ አትረብሹኝ በሚለው ላይ ይሁን፤ የኃላፊዎን፣ የቤተሰብዎንና የልጆችዎን ትምህርት ቤት ቁጥር ግን እንዲያልፉ ይፍቀዱላቸው። ይህን ለኃላፊዎ አስቀድመው ይንገሩ፦ «አስቸኳይ ከሆነ ይደውሉልኝ፤ በጽሑፍ የላኩልኝን በእነዚህ ሰዓቶች አያለሁ» ማለት አክብሮት እንጂ ድፍረት አይደለም። እርስዎም ማታ ሐሳብ ሲመጣልዎ ለባልደረባዎ ወዲያው አይላኩ፤ በቴሌግራም የመላኪያውን ቁልፍ ተጭነው ቢይዙ ለጠዋት ቀጠሮ ያዝለታል፣ ወይም ያለ ድምፅ ይልከዋል።

ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 3፡00 ያለው ጊዜ ብዙ ሰው ስልክ እያየ የሚያሳልፈው ነው። እኔ ያን ግማሽ ሰዓት የቀኑን ከባድ ጽሑፍ መጀመሪያ አደርገዋለሁ። መብራት የመጥፋት ነገር ስላለም ወርድ በየ10 ደቂቃው የሚያደርገውን ራስ ሰር ማስቀመጥ ወደ 3 ደቂቃ ዝቅ ያድርጉት፤ ይህ ግን ሰነዱን ራስዎ ማስቀመጥዎን አይተካም።

የስብሰባ ሰዓትን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። ውጭ ሀገር ካሉ ባልደረቦች ጋር የሚሠራ ሰው በካላንደር ላይ 9፡00 የሚለውን አይቶ ከሰዓት በኋላ ቢመጣ አይፈረድበትም። «ጠዋት 3፡00፣ በፈረንጅ 9፡00» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ነው።

9. ዓርብ ሃያ ደቂቃ፣ ሰኔ ላይ አንድ ቀን

ዓርብ ከመውጣትዎ በፊት ዳውንሎድንና ዴስክቶፑን ባዶ ያድርጉ፣ የሳምንቱን አዲስ ፋይሎች ወደ ሃርድ ዲስኩ ይገልብጡ፣ ሃርድ ዲስኩንም ከኮምፒውተሩ ነቅለው በሚቆለፍ ቦታ ያኑሩት። እንደተሰካ የሚውል ቅጂ ቫይረስ ሲመጣ ከዋናው ጋር አብሮ ይጠፋል።

ሥርዓቱ እንደሠራ የሚታወቀው እርስዎ በሌሉበት ነው። በወር አንድ ጊዜ ባልደረባዎን ይጥሩና ካለፈው ዓመት አንድ ደብዳቤ ያለ እርስዎ እርዳታ እንዲያገኝ ይጠይቁት። ሰዓት ይያዙ። ከሦስት ደቂቃ ካለፈበት የት ላይ እንደተቸገረ ይጻፉና ስሙን ወይም ማኅደሩን ያስተካክሉ።

የበጀት ዓመቱ በሰኔ ሲዘጋ የዓመቱን ፎልደር ይቁለፉት፤ ከዚያ በኋላ ይነበባል እንጂ አይለወጥም። አንድ ገጽ የርክክብ ማስታወሻም ይጻፉ፦ ምን የት እንዳለ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል የይለፍ ቃል በማን ዘንድ እንደተቀመጠ፣ ያልተጠናቀቁት ጉዳዮች የትኞቹ እንደሆኑ። የሥራ ፋይል በግል ኢሜይልዎ ላይ ካለ በዚያው ቀን ወደ መሥሪያ ቤቱ ያዛውሩት። ሐምሌ 1 ቀን ጠዋት ባዶዎቹን ፎልደሮች በአዲሱ ዓመት ስም ይክፈቱ፤ የመጀመሪያው ገቢ ደብዳቤም በቁጥር 4 እንደተባለው ተሰይሞ ይግባ።